መሪው እምቢ ያለበት ጥቅምት

ባለፈው ሐሙስ ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከደብረ ታቦር በኩል የመጣ አንድ ፒካፕ ወደ ጎንደር መንገድ ሲታጠፍ አየሁ። መኪናውን ሳይሆን ሾፌሩን ነው ያየሁት። ወጣት ነው። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ በትከሻው ጭምር ነበር የሚያዞረው። ባጃጆቹ ጡሩንባ ይነፉበታል። እሱ ትግሉ ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ፈገግ ብሏል። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። መሪ የከበደው፣ መክበዱን ግን ለማንም መንገር የማይፈልግ ሰው ፈገግታ ናት። ሻዬን ትቼ ብድግ አልኩና ከዓይኔ እስኪጠፋ ተመለከትኩት። ስቀመጥ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄጃለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወረታ ባለች አንዲት የእንስሳት ጤና ጣቢያ በሾፌርነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። የተረከብኩት ነጭ ፒካፕ አዲስ ባይሆንም ለእኔ ከሙሽራ አይተናነስም፤ ማለዳ ተነሥቼ በገዛ ሹራቤ እወለውለው ነበር። በዚያ ዘመን ወረታ እንደ ዛሬው በባጃጅ አልተጥለቀለቀችም። መሪ የሚጨብጥ ወጣት በጣት ይቆጠራል። ክንዴን በመስኮት አውጥቼ ገበያውን ሳቋርጥ የሚያየኝ ሰው መኖሩን ሳላረጋግጥ አላልፍም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ኩራቴ ከመኪናው ቀድሞ ነበር የሚደርሰው።

አብራኝ ወደ ገጠር የምትወጣው የጣቢያዋ የእንስሳት ሐኪም ዘውዴ ነበረች። በዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ብላት «እህትህ እንጂ አክስትህ አይደለሁም» ብላ ስለከለከለችኝ፣ እትዬ ዘውዴ እያልኩ አንቺ ስላት ኖርኩ። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦቲ የምትጫማ፣ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ የማላውቅ ሴት ናት። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ላይ ያጉረመርሙባት ነበር። የታመመ በሬ ሲያመጡላት በሬውን ሳትነካ ከባለቤቱ ጋር ወሬ ትጀምራለች። ከመቼ ጀምሮ ነው? ጠዋት ይብስበታል ወይስ እየዋለ ሲሄድ? ከዚያ በፊት የት ዋለ? ምን በላ? ውሃ የት ጠጣ? አንድ ሰውዬ «መርፌውን ወግታ ብትሸኘን ምን ነበረበት? የበሬ ሐኪም ናት ወይስ የነፍስ አባት?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው ሰውዬ በሬው ከዳነለት በኋላ እስከ ሐሙሲት ገበያ ድረስ ስሟን ሲያስጠራ ከረመ።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። ወላጆቼ የሚኖሩት ከወረታ በስተምዕራብ፣ ሜዳው ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት የመስቀል ዋዜማ ዕለት አለቃችንን ሳላስፈቅድ መኪናውን ይዤ ወጣሁ። ብጠየቅ በግ ላደርስላቸው ነው እል ነበር፤ በእርግጥም አንድ ጠቦት ከኋላ ጭኛለሁ። እውነቱ ግን እናቴ መሪ ጨብጬ እንድታየኝ ፈልጌ ነው። ሜዳው ውሃውን ገና አልለቀቀም። ከቤታችን በዓይን የሚታይ ርቀት ላይ ጎርፍ የተኛበት ዝቅታ ገጠመኝ። «ያልፋል» ብዬ ገባሁ፤ አላለፈም። ውሃው እስከ መቀመጫዬ ሥር መጣ፣ ጎማዎቹም ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። መኪናው እዚያው አደረ። በማግስቱ አባቴ ጎረቤቶቹን ለምኖ በሁለት ጥማድ በሬ አወጣልኝ። እናቴ ያየችኝ መሪ ጨብጬ ሳይሆን ሱሪዬን ጠቅልዬ ከበሬ ኋላ ጭቃ ስገፋ ነው። ጠቦቱ ብቻ ገና ድሮ ዘሎ፣ ዋኝቶ ደረቅ መሬት ላይ ሣር ይግጥ ነበር።

ሞተሩ አልጠለቀም ነበርና ተነሣልኝ። ርብ ወንዝ ወስጄ አጠብኩት፣ ወለወልኩት፣ ከበዓሉ በኋላ ጣቢያው ግቢ ውስጥ እንደ ነበረ አቆምኩት። ማንም አላወቀም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መሪው መክበድ ጀመረ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ቀኑን ሙሉ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አለመመለሱ ነው። ጤነኛ መሪ ከመታጠፊያ ሲወጡ በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሾፌሩ እጁን ላላ ያደርግለታል እንጂ አይጎትተውም። የእኔው ባዞርኩት ቀረ። ሐሙሲት ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ደህና ሰው ነው። «ውሃ ገብቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኧረ በጭራሽ!» አልኩት። እንዲያ ካልኩት ምን ያድርግ? የመሪውን ዘይት ቀየረ፣ ዘይቱን የሚገፋውን ፓምፕ ቺንጊያ አጠበቀ፣ ሸኘኝ። ሁለት ቀን የቀለለ መሰለኝ። ሰው የሚመኘውን ነው የሚሰማው። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ጉልበቴ ነበር፤ በእሱ ነዳሁ።

በጥቅምት አጋማሽ ከሐይቁ ዳር ካለ ቀበሌ መልእክት መጣ። አባ ሰንጋ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት በሬ ገድሏል። ፎገራ ላይ ከብት ያረባ ሰው ይህን በሽታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው። ጊዜውም ክፉ ነበር፤ ክረምቱን ከጎርፍ ሸሽተው ወደ ደጋው የወጡት ከብቶች ግጦሽ ፍለጋ ወደ ሜዳው የሚወርዱት በዚያ ሰሞን ነው። ክትባቱ ከባሕር ዳር በበረዶ ታሽጎ እንደ ደረሰን ዘውዴ ለቀበሌው ሰው ላከች፤ «ነገ ከብታችሁን ዋርካው ሥር ሰብስቡ። ሳይረፍድ እደርሳለሁ።»

በማግስቱ ከወረታ የተነሣነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዘውዴ የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አታስጭንም፤ እንዳይናጥ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። «በረዶው እስከ ስምንት ሰዓት ቢቆይልን ነው» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ብንወጋም ውሃ እንደ መውጋት ነው።»

አስፋልቱን ለቀን ወደ ሜዳው ገባን። ፎገራ ጥቅምት ያምርባታል። ሩዙ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ውሃው ሲሸሽ ትቶት የሄደው ጭቃ ፀሐይ ሲነካው እንደ አዲስ ሸክላ ይሸታል። በየጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ዓሣ ሰዎች በእጃቸው ያፍሳሉ፤ ሳቃቸው እኛ ዘንድ ድረስ ይሰማል። እኔ ግን ይህን ሁሉ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ከመሪው ጋር እየታገልኩ ነበር። ዘውዴም መንገዱን አታይም፤ ክንዴን ነው የምታየው።

«አስማረ፣ አልቦሃል።»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ጤዛው ገና ሣሩ ላይ ነበር።

ግማሽ መንገድ እንደ ሄድን መታጠፊያው መጣ። መንገዱ ከሜዳው ከፍ ተደርጎ በአፈርና በጠጠር የተደለደለ ነው፤ ግራና ቀኙ ውሃ የተኛበት ሩዝ ነው። ወደ ግራ ታጠፍኩ። ልመልስ ስል መሪው እምቢ አለ። በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ከፊታችን ደግሞ አንድ የከብት መንጋ መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል፤ ከዳር በኩል ያለችው ሆዷ የገፋ ዝንጉርጉር ላም ናት። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ጠጠሩ ላይ ተንሸራተትን፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ቆምን። በላሟና በመኪናው አፍንጫ መካከል አንድ ክንድ ቢኖር ነው። የግራው የፊት ጎማ ግማሹ ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቷል። ለጥቂት ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ ከሚመጣው የጠርሙስ ኮሽታ በቀር የተሰማኝ ነገር የለም።

ዘውዴ መጀመሪያ ያደረገችው ሳጥኑን እንዳቀፈች ወርዳ የላሟን ሆድ በመዳፏ መዳሰስ ነው። ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ጠርሙሶቹን ቆጠረች። ከዚያ ነው ወደ እኔ የዞረችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የመንጋው ባለቤት ቄስ ሞላ ይባላሉ፤ በዚያው ቀበሌ ያለው ደብር አገልጋይ ናቸው። ከደጋው ያወረዱትን የራሳቸውን ከብት ለማስከተብ ወደ ዋርካው እየነዱ ነበር፤ ጎረቤታቸው አብሯቸው አለ። ላሟን አይተው፣ እኛን አይተው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማንም አልተነካ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ መንገዱ ጠበበህ?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፣ መንገዱ ነው» አልኩ። አፌ ለውሸት ፈጣን ነበር።

ሞተሩን አስነሥቼ እንደ ምንም ወደ ኋላ አልኩና ጎማውን መንገድ ላይ መለስኩት። ዘውዴ በመስኮቱ በኩል ቆማ እጆቼን ታይ ነበር። «አሁን አጥፋው» አለች። «መሪው ነው አይደል?»

«ፓምፑ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ካልተፈታ አይሆንም» አልኳት። ስለ ፓምፑ ከስሙ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

«ከዚህ በእግር ምን ያህል ያስኬዳል፣ ቄሴ?»

«ዕቃ ተሸክሞ ሦስት ሰዓት ግድም» አሉ። «ሰዉ ግን እስከዚያ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ከብት ከረፈደ ሆዱ አያስቆመውም፤ ይበተናል።»

ዘውዴ ፀሐይዋን አየች። ቄስ ሞላን ከብቶቹን ጎረቤታቸው ይዞ እንዲቀጥል፣ ሰዉም እንዲጠብቅ በመንገዱ የሚያገኘውን ፈጣን ሰው እንዲልክላት ለመነቻቸው። እሳቸው ከእኛ ጋር ቀሩ። ሳጥኑን ከመኪናው ጥላ ሥር አኖረችና ጋቢያቸውን ተቀብላ ሸፈነችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ በሬው ለታመመበት ገበሬ በምታወራበት በዚያው ድምፅ መጠየቅ ጀመረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ጠዋት ይብሳል ወይስ ሲሞቅ?»

«ጠዋት ይብስ ነበር። አሁን ያው ነው።»

«ወደ ቀኝ ይከብዳል ወይስ ወደ ግራ?»

«በሁለቱም።»

«ከዚያ በፊት የት ዋለ? ውሃ ገብቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

አንዲት ሳቢሳ ወፍ ከሩዙ ውስጥ ተነሥታ ርቃ ሄዳ እስክታርፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ከብት ያመመውን መናገር አይችልም፣ አስማረ። የሚናገርለት ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከዋሸ እኔ የሌለበትን በሽታ ሳክም እውላለሁ፣ ከብቱም ይሞታል። ስንቱን እንደዚያ ቀብሬአለሁ።»

ወደ ቄስ ሞላ ዞር አልኩ። ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ለእሳቸው መናገር የሚቀል መስሎኝ ነው። «አባቴ፣ በመስቀል ዋዜማ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ለእኔ አይደለም፣ ልጄ። የጠየቀችህ እሷ ናት፤ ለእሷ ንገራት።»

ነገርኳት። ጠቦቱን፣ ጎርፉን፣ ሌሊቱን፣ በሬዎቹን፣ ርብ ላይ ማጠቤን፣ ሐሙሲት ላይ መዋሸቴን፣ አንዱንም ሳላስቀር። ከሥራ መባረሬን አምኜዋለሁ። እሷ ግን አልወቀሰችኝም። «ውሃው እስከ የት ነበር? በጣትህ አሳየኝ» አለች። በሩ ላይ አሳየኋት። «ስንት ሰዓት ቆየ?» «ከማታ እስከ ረፋድ።» ራሷን ነቀነቀች። በሬ ምን ግጦ እንደ ታመመ የደረሰችበት ቀን የሚታይባትን ፊት አየሁባት።

«በሬ ሲያነክስ ሰው ሁሉ ቀድሞ ሰኮናውን ያያል» አለች። «እኔ ግን እግሩን አነሣና መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አጥፋለሁ፤ ያመመው ሲታጠፍ እዚያ ላይ ይወራጫል። ይኼንንም እግሩን አንሣልኝ።»

የጭነቱን ሳንቃ አውጥቼ ከመኪናው ፊት ሥር አነጠፍኩና፣ ክሪኩን ከላዩ አቁሜ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት እስኪለቁ አነሣሁት። ዘውዴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሾፌር ወንበር ላይ ወጣች። መሪውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ቀስ ብላ አዞረችው። «እዚህ ይይዛል... አሁን ለቀቀ... እንደገና ይይዛል...» ደግማ አዞረችው። ሦስት ጊዜ ደገመችው። «በአንድ ሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ ይይዛል፣ ሁለት ጊዜ ይለቃል» አለች። እኔ በዚያ መሪ ለሁለት ሳምንት ስታገል አንድም ቀን ይህን አላስተዋልኩም። ጉልበት ሲበዛ እጅ መስማት ያቆማል መሰለኝ።

«ጎማው አየር ላይ ሆኖም ከከበደ፣ ጥፋቱ ከጎማውና ከመሬቱ አይደለም። ቀጥሎ ምን አለ?»

አሳየኋት። ከመሪው የሚወርድ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ታች ካለው የመሪ ሳጥን ጋር ይያያዛል፤ ሳጥኑ ጎማዎቹን ያዞራል። «እንግዲያ መሃሉ ላይ እንለያየው» አለች። «የትኛው ወገን እንደ ታመመ ራሱ ይነግረናል።»

ቁልፍ አንሥቼ ብሎኑን ልፈታ ስል ያዘችኝ። ከሻንጣዋ መርፌ አውጥታ፣ ዘንጉና ሳጥኑ የሚገናኙበት ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ቀጭን መስመር ጫረች። «ስንመልሰው እንደ ነበረ እንድንገጥመው።» መኪና የማታውቅ ሴት! እኔ አሠራሩን ተምሬ ያላሰብኩትን ነው እሷ ያሰበችው።

ብሎኑ ተፈታ፤ ዘንጉን ከሳጥኑ አላቀቅሁት። መኪናው ሥር ገብቼ ጎማዎቹን በእጄ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ገፋሁ። ያለ ብዙ ትግል ዞሩ። ከላይ ዘውዴ መሪውን አዞረች።

«ይይዛል» አለች።

ወጣሁና እኔም ሞከርኩት። ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ መሪ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ዘንግ ብቻ ያለው መሪ፣ እንደዚያው ይይዛል፣ ይለቃል። ሳቄ መጣ። ቄስ ሞላም አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆይተው «እንግዲህ ሌባው ቤት ውስጥ ነው» አሉ።

ዘንጉ ላይ አንዲት መታጠፊያ አለች። የመስቀል ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት፤ መካኒኮች ክሮቼራ ይሏታል። ዘንጉ እንደ ጉልበት እንዲታጠፍ የምታደርገው እሷ ናት። ሥሩ ተኝቼ ሳያት ቀይ ሆናለች። የመስቀል ዋዜማው ጭቃ ገብቶ ደርቆባት፣ ቅባቷን ጎርፉ አጥቦት፣ ዝገት በልቷት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፓምፑ፣ ከጎማው፣ ከመንገዱ ጋር የተጣላሁት በዚህች አውራ ጣት በምታክል ነገር የተነሣ ነው።

«ላምባ ያስፈልገናል» አልኩ። ይህን ብቻ እኔ አውቅ ነበር።

ቄስ ሞላ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ይዘው፣ ዕድሜያቸውን ረስተው ወደ ቅርቡ ቤት በሩጫ ሄዱ። አንድ ጠርሙስ ላምባ ይዘው ሲመለሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ግን ላምባው እንዴት ይግባ? ሲያፈሱት በላዩ ይፈሳል እንጂ ውስጥ አይዘልቅም። ዘውዴ ያኔ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ለመካኒኮች እተርካለሁ። ከሻንጣዋ አንዱን ትልቁን የከብት ስሪንጅ አወጣች፣ ላምባ ሳበችበት፣ መኪናው ሥር በጀርባዋ ተኝታ ገባች፣ መርፌውን በክሮቼራዋ አራት ጫፍ ባለችው ቀጭን ስንጥቅ እየፈለገች አንድ በአንድ ወጋቻት። ጥቂት ቆይቶ እንደ መግል ያለ ቀይ ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ። «እሰይ! ፈነዳልን» አለች ከሥሩ። ከዚያ እኔ መታጠፊያዋን በእጄ ወደዚህና ወደዚያ አጥፋለሁ፣ እሷ ትወጋለች፣ እኔ አጥፋለሁ። መጀመሪያ በሁለት እጄ ነበር፣ ቆይቶ በአንድ እጄ፣ በመጨረሻ በሁለት ጣቴ። ጣቶቼ ቆስለው ደም ይፈሳቸው ነበር፤ ሕመሙ የተሰማኝ ማታ ነው።

«አሁን ቅባት» አለች። ከመቀመጫዬ ሥር የግራሶ ቆርቆሮ አወጣሁ። መኪናውን ስረከብ አብሮ የተሰጠኝ ነው፤ ክዳኑ አልተከፈተም ነበር። ክዳኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ራሷ ከፍታ መታጠፊያዋን ቀባቻት።

በመርፌ የጫረችውን መስመር ከመስመሩ አጋጥሜ ዘንጉን መለስኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ክሪኩን አወረድኩ። ያን ስሪንጅ ከሌሎቹ ለይታ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ «ከእንግዲህ የመኪና ነው፤ ከብት አይነካም።» ሞተሩን አስነሣሁ። መሪው ዞረ። መታጠፊያውን ጨርሼ እጄን ላላ ሳደርገው ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቄስ ሞላ ከመሃላችን ተቀምጠው «ስምህ ይመስገን» ይሉ ነበር።

ዋርካው ሥር ስንደርስ አምስት ሰዓት አልሞላም። ሰዉ አልተበተነም፤ ከብቱ ግን ሊያመልጥ ደርሶ ነበር። ዘውዴ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ጀመረች። እኔ ቀንድ ያዝኩ። የመጨረሻው ጠርሙስ ሲከፈት ከሳጥኑ ሥር የጥፍር ያህል በረዶ ተንሳፍፎ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቄስ ሞላ ቤት ከሩዝና ከጤፍ የተጋገረ እንጀራና በቅል የቀረበ እርጎ በላን። እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ያለ እርጎም ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። በዚያ ዓመት ከዚያ ቀበሌ በአባ ሰንጋ የሞተ ሌላ ከብት አልሰማንም።

ስንመለስ አስፋልቱ ላይ እንደ ወጣን «ለአለቃችን አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?» አለችኝ።

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት። ይኼ ያደረግነው የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው፤ ዕቃው መለወጥ አለበት። ለዚያ መካኒክም እውነቱን ንገረው።»

ነገርኳቸው። መካኒኩ «ውሃ ገብቷል ወይ ብዬህ ነበር እኮ» አለኝና ክሮቼራዋን በአዲስ ለወጣት። አለቃችን በጣም ተቆጣ። አላባረረኝም፤ ቁልፉን ግን ለአንድ ወር ቀማኝ። ያን ወር ከዘውዴ ኋላ ሻንጣዋን ይዤ በእግሬ ዞርኩ። ኩራቴ እየደከመው ወደ ኋላ ቀረ። በሬ ይዘው የመጡ ሰዎችን ስትጠይቅ መስማት የጀመርኩት በዚያ ወር ነው፤ በፊት መኪናው ውስጥ ሆኜ ጡሩንባ እየነፋሁ አጣድፋት ነበር። ስትጠይቅ ማን አጠፋ ብላ አትጀምርም፤ ምን ሆነ ነው የምትለው። ሰው እየፈራ መጥቶ ተንፍሶ ይሄዳል።

ሐሙስ ዕለት ያን ወጣት ካየሁ በኋላ አላስቻለኝም። እሑድ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ዘውዴ ጡረታ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ልጇ ዘንድ ትኖራለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። ጭኮ አቅርባልኝ እየበላን ያን ቀን አነሣሁባት። ምን ያህል ረግታ እንደ ነበር፣ እንደ መካኒክ እንዴት እርግጠኛ እንደ ነበረች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስተርክ እንደ ኖርኩ ነገርኳት።

ሳቀች። «እርግጠኛ?» አለች። «አስማረ ሙት፣ ያን ቀን ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። የመኪና ሆድ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ብሎኑ ሲፈታ፣ አሁን ይኼን ነገር አበላሽቼ ሕዝቡ ፊት ምን እላለሁ እያልኩ ነበር። ዓይኔን የጨፈንኩትም እጄ ሲንቀጠቀጥ ላለማየት ነው።»

«ታዲያ እንዴት አልታየብሽም?»

«አንተ ቀድመህ ፈርተህ ነበራ! ሁለታችንም ብንፈራ ማን ይጠይቃል?»

አመሻሽ ላይ ቁልቁል ወደ ወረታ ስወርድ ሜዳው ከሩቅ ተዘርግቶ ታየኝ፤ የታጨደው ሩዝ በየማሳው ተከምሯል፣ ከወዲያ ሐይቁ ያብረቀርቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳደንቅ የኖርኩት ፍርሃት የማያውቃትን ሴት ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ለካ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረችም። የነበረችው እንደ እኔው የምትንቀጠቀጥ፣ መልሱን የማታውቅ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ግን ተራውን ጠብቃ የጠየቀች ዘውዴ ናት። እንዲህ ሆና ሳያት ይበልጥ ከበረችብኝ።